ብርሃን በላሜራ ላይ

ተናጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። ጋሼ ዕድሜያቸውን በአዲስ አበባ ጋራዦች በላሜራና በቀለም ሥራ ያሳለፉ ሰው ናቸው። ልጅት የእህታቸው ልጅ ናት፤ ሙያዋ ከፎቶ የማይለይ የመኪና ምስል በኮምፒውተር መሥራት ነው።

ጋሼ፦ መኪናዋ ደጅ ቆማለች፤ ስልክሽም ፎቶ ያነሳል። ታዲያ ሌሊቱን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ማፍጠጥ ለምን አስፈለገ?

ልጅት፦ ፎቶ የሚነሳው ያለ ነገር ነው ጋሼ። የመኪና ፋብሪካዎች ምስሉን የሚፈልጉት ብዙ ጊዜ መኪናው ገና ሳይሠራ ነው። ከተሠራም በኋላ አንዱን ሞዴል በየቀለሙ፣ በየቸርኬው ዓይነት፣ መሪውን አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ አድርገው ማሳየት ይፈልጋሉ። ያን ሁሉ መኪና ተራራ ላይ አውጥቶ ፎቶ ማንሳት የማይታሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ዘ ሚል የተባለ የምስል ሥራ ድርጅት ብላክበርድ የሚሉትን ተሽከርካሪ ይፋ አደረገ። ርዝመቱም ስፋቱም እንደተፈለገው ይስተካከላል፤ ቦዲ ግን የለውም። መንገድ ላይ እየነዱ ይቀርጹትና በኮምፒውተር የተሠራውን ቦዲ ያለብሱታል። በቴሌቪዥን አቧራ እያስነሳ ሲበር የምናየው መኪና እዚያ ቦታ ጭራሽ ደርሶ የማያውቅ ሊሆን ይችላል።

ጋሼ፦ ይኼማ ማታለል ነው።

ልጅት፦ ገዢው የሚረከበው መኪና ምስሉ ላይ ካየው ጋር አንድ ከሆነ እኔ ማታለል አልለውም። ያገለገለ መኪና የሚሸጥ ሰው የተጋጨውን በር በኮምፒውተር አቅንቶ ቢያሳይ ግን ሌብነት ነው። ያን ሥራ አምጥተውልኝ ቢከፍሉኝም አልሠራም። ደግሞም እኔን የሳበኝ ማስታወቂያው አይደለም። ቮልስን መሥራት ነው የምፈልገው።

ጋሼ፦ ከስንቱ መኪና ቮልስን?

ልጅት፦ አዎ። በዓለም ላይ 21,529,464 ቮልስ ተሠርታ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ማምረቱ አበቃ። እኛ አገር የቀሩት ደግሞ በየዓመቱ እየሳሱ ነው። ታሪካችን ውስጥም አለችበት፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃንሆይ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የወጡት በቮልስ ተጭነው ነው። ይህ አንዱ ምክንያት ነው። ሁለተኛው የሙያዬ ነው፤ በኮምፒውተር መኪና የመሥራት ነገር ሲጀመር ከተሠሩት ውስጥ ስሟ ከሁሉ የገነነው ቮልስ ናት።

ጋሼ፦ እንዴት ሆኖ?

ልጅት፦ እ.ኤ.አ. በ1972 ነው፤ አሜሪካ፣ ዩታ ዩኒቨርሲቲ። አይቫን ሰዘርላንድ የሚባል መምህር ከተማሪዎቹ ጋር ሆኖ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን አንድ እውነተኛ ዕቃ ኮምፒውተር ውስጥ ማስገባት ፈለገ። የተመረጠችው የሚስቱ ቮልስ ነበረች። ቦዲዋ ላይ ነጥብና መስመር አሰመሩ። ከዚያ እያንዳንዱ ነጥብ ከመሬት ስንት፣ ከመሃል ስንት፣ ከፊት ስንት እንደሚርቅ በእጃቸው እየለኩ መዘገቡ። ነጥቦቹ በቀጥታ መስመር ሲያያዙ ትናንሽ ጠፍጣፋ ገበታዎች ይሆናሉ፤ ፖሊጎን እንላቸዋለን። መኪናዋ በቁጥር ተጽፋ ገባች።

ጋሼ፦ ጠፍጣፋ ነው ያልሽው? የቮልስ ቦዲ ላይ መዳፍ የምታህል ጠፍጣፋ ቦታ ብትፈልጊ አታገኚም። ጣሪያዋ ክብ፣ ኮፈኗ ክብ፣ ፓራፋንጎዋ ክብ።

ልጅት፦ ችግራቸውም እሱ ነበር፤ ጠርዝ ጠርዙ ይታያል። እዚያው ዩታ አንሪ ጉሮ የሚባል ፈረንሳዊ ተማሪ በ1971 የአንዱን ገበታ ቀለም ከጎረቤቱ እያዋሀደ የሚያለሰልስበት ዘዴ አውጥቶ ነበር። ለደብዛዛ ነገር ይበቃል። የሚያብረቀርቅ ላሜራ ላይ ግን ብርሃኑ ያረፈባት ነጥብ ትሰበራለች፤ አንዳንዴም ትጠፋለች። ይህን የፈታው ቡይ ቱንግ ፎንግ ነው፤ በ1942 ሃኖይ የተወለደ ቬትናማዊ፣ በዚያች ቮልስ ሥራ ከተሳተፉት አንዱ። የፎንግ ሐሳብ ቀለሙን ትቶ አቅጣጫውን ማዋሀድ ነበር፤ ላሜራው በየነጥቡ ወዴት እንደሚያይ ከታወቀ ብርሃኑ የት እንደሚያርፍ በየነጥቡ ማስላት ይቻላል። የዶክትሬት ጽሑፉን በ1973 አቀረበ፤ በ1975 ሞተ። ገና 32 ዓመቱ ነበር። ስሙ ግን ዛሬም በየሶፍትዌሩ ውስጥ ይጠራል።

ጋሼ፦ ነፍስ ይማር። የልጁ ነገር ገብቶኛል። ላሜራ የሚነበበው በአቅጣጫው ነው። እኔ የተመታ በር ሳቃና ዓይኔን ጨፍኜ መዳፌን አሳልፍበታለሁ፤ ዓይን የዘለለውን መዳፍ ያገኘዋል። ቀለም ከተቀባ በኋላ ደግሞ ረጅሙን ፍሎረሰንት አጠገቡ አቆምና ነጸብራቁን እከተላለሁ። የመብራቱ መስመር ቀጥ ብሎ ከሄደ ቀንቷል። ከተጣመመ፣ ከወፈረ ወይም ከቀጠነ ከሥሩ ስርጉድ አለ። ሰው ስርጉዱን አያየውም፤ የሚያየው የመብራቱን መጣመም ነው።

ልጅት፦ አሁን የተናገሩትን የመኪና ዲዛይነሮች በኮምፒውተር ያደርጉታል። ሞዴሉ ላይ ጥቁርና ነጭ መስመር እያፈራረቁ ያንጸባርቁበታል፤ የሜዳ አህያ ነው የሚሉት። መስመሩ ከበሩ ወደ ፓራፋንጎው ሲሻገር ሳይሰበር መፍሰስ አለበት። እኔም ሞዴል ስጀምር ቀለም የሚባል ነገር አልነካም። መጀመሪያ መስመሮቹን አፈስስበታለሁ፤ የተቋጠረበት ቦታ ካለ ገበታዎቹን እንደገና እደረድራለሁ። ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ይቸኩላል፤ ጥሩ ቀለም ጥሩ ያልሆነን ቅርጽ የሚሸፍንለት ይመስለዋል።

ጋሼ፦ አይሸፍንም፤ ያጋልጣል እንጂ! ጥቁር ቀለም ቀብተሽ እይው።

ልጅት፦ ልክ ነዎት። እና ኩርባውን የምናወጣበት ሒሳብ ራሱ ከየት እንደመጣ ያውቃሉ? ከመኪና ፋብሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ሲትሮይን ውስጥ ፖል ደ ካስቴልዦ፣ በ1960ዎቹ ደግሞ ሬኖ ውስጥ ፒየር ቤዚዬ፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ ሠሩት። ሲትሮይን በምስጢር ስለያዘው የደ ካስቴልዦ ሥራ ሳይታወቅ ቆየ፤ ኩርባው በቤዚዬ ስም ተጠራ። ዓላማቸው የቦዲ ቅርጽ ከሥዕል ሠሪው እጅ ወደ መቁረጫው ማሽን ሳይዛባ እንዲደርስ ነበር። ዛሬ ኮምፒውተር ላይ የምናነበው የግዕዝ ፊደል ሳይቀር በእነሱ ኩርባ የተሣለ ነው። ይህ በጣም ያስደስተኛል፤ ለላሜራ የታሰበው ሒሳብ «ሀ»ን ይሥላል።

እኔ የምጠቀምበት ዘዴ ደግሞ የዩታ ልጅ ነው። ኤድ ካትሙል እዚያው ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1978 ከጂም ክላርክ ጋር ጥቂት ገበታዎችን እየከፋፈለ ለስላሳ ገጽ የሚያወጣ ዘዴ አሳተመ። ካትሙል በኋላ ፒክሳርን ከመሠረቱት አንዱ ሆነ፤ ፒክሳርም በ2006 «ካርስ» የተባለውን የመኪኖች ፊልም ሲሠራ ሬይ ትሬሲንግን ለመጀመሪያ ጊዜ በሰፊው ተጠቀመበት። ያለዚያ የመኪኖቹ ቦዲ እርስ በርሱ አያንጸባርቅም ነበር።

ጋሼ፦ ቆይ፣ ሬይ ትሬሲንግ ያልሽው ምንድን ነው?

ልጅት፦ ብርሃንን ወደ ኋላ መከተል ነው። ብርሃን ከፀሐይ ወጥቶ በር ላይ ነጥሮ ዓይናችን ይገባል። ኮምፒውተሩ ግን ከዓይን ይነሳል፤ በእያንዳንዷ የምስል ነጥብ በኩል ጨረር ይልካል፤ ጨረሩ በሩን ይመታል፣ ይነጥራል፣ ግንቡን ይመታል፣ እንደገና ይነጥራል፣ እንዲህ እያለ መብራት እስኪያገኝ ይሄዳል። ተርነር ዊትድ እ.ኤ.አ. በ1980 መስታወትና ብርጭቆ የሚመስሉ ኳሶች የሠራበት ዘዴ ነው። በ1986 ጄምስ ካጂያ ብርሃን ከየአቅጣጫው እየነጠረ የሚሄድበትን ሁሉ በአንድ ቀመር አጠቃለለው። እኔ የምሠራበት ብሌንደር የሚባለው ሶፍትዌር በዚያ ቀመር ላይ የቆመ ነው። ነጻ ነው፤ አንድ ሳንቲም አልከፈልኩበትም። የሆላንዱ ቶን ሮዘንዳል በ2002 ከሕዝብ 100,000 ዩሮ አሰባስቦ ለሁሉም ክፍት ባያደርገው ኖሮ እኔን የመሰለ ሰው እዚህ ሙያ ውስጥ ባልገባ ነበር።

ጋሼ፦ እግዜር ይስጠው። አሁን ወደ ቀለሙ እንምጣ፤ እሱ የኔ ቤት ነው።

ልጅት፦ እንዲያውም እርስዎ ይንገሩኝ። ቅደም ተከተሉን።

ጋሼ፦ ላሜራው ይጸዳል። ዝገት መከላከያ ይቀባል። ስርጉዱ በስቱኮ ይሞላል፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፤ መጀመሪያ በሻካራው፣ በኋላ በለስላሳው ውኃ እያፈሰስሽ። ከዚያ ቀለም። የአሁኖቹ ከላይ ቫርኒሽ ይደረብባቸዋል። የጥንቷ ቮልስ ግን ቫርኒሽ የላትም፤ ቀለሟ ራሱ ነበር የሚያበራው። ለዚህ ነው ፀሐይ ስትመታት ገርጥታ ዱቄት የምታወጣው፤ በጨርቅ ስታሽያት ቀለሟ እጅሽ ላይ ይቀራል።

ልጅት፦ እኔም ያንኑ በቁጥር እደራርባለሁ። አብዛኛው ሰው ሶፍትዌሩ ያዘጋጀለትን የመኪና ቀለም ያነሳና በወፍራም ቫርኒሽ ያብለጨልጨዋል፤ ለቮልስ ሐሰት ነው። የሷ ነጸብራቅ ጠርዙ የለሰለሰ፣ ቦታ ቦታ ላይ የደበዘዘ መሆን አለበት። ሌላው ሕግ ደግሞ እርስዎ ጎንበስ ብለው በበሩ ርዝመት ሲያዩ ያለው ነው። ፊት ለፊት ሲያዩት በሩ ቀለሙን ያሳያል፤ በጎን ሲያዩት ቀለሙ ይጠፋና መንገዱን ያሳያል። ፊት ለፊት የቀለሙ የላይ ገጽ የሚመልሰው ብርሃን ከመቶ 4 ገደማ ነው፤ ዓይን ወደ ላሜራው ጋደም ባለ ቁጥር ወደ መቶ ይጠጋል። ፍሬኔል የሚባለው ፈረንሳዊ ከ200 ዓመት በፊት ያሰላው ነው።

ጋሼ፦ እኛ ያን ስንመለከት «ይተኛል» እንል ነበር። ዓይንሽን አስተኝተሽ ካላየሽ የቀለም ጥፋት አይታይሽም።

ልጅት፦ እንግዲህ ከዚህ የሚከተለውን ልብ ይበሉ። የሚያበራ መኪና ላይ ዓይናችን የሚያየው በአብዛኛው መኪናውን አይደለም፤ ሰማዩን፣ አስፋልቱን፣ አጥሩን፣ አጠገቡ የቆመውን ሰው ነው። ባዶ ቦታ ላይ ያቆምኳት ቮልስ የቱንም ያህል በጥንቃቄ ብትለካ ሕይወት የላትም። ብዙ ሰው ወራት በሞዴሉ ላይ ይፈጅና ዙሪያውን በመጨረሻዋ ሰዓት ያደርገዋል። እኔ በተቃራኒው ነው የምሠራው።

ጋሼ፦ ዙሪያውንስ ከየት ታመጪዋለሽ?

ልጅት፦ በፎቶ። ፖል ዴቤቬክ የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳየው ነው። መስታወት የመሰለ ኳስ መሃል ላይ ይቀመጥና በተለያየ የብርሃን መጠን ደጋግሞ ፎቶ ይነሳል፤ ጨለማውን የሚያሳይ አንድ፣ መካከለኛ አንድ፣ ከፀሐይዋ በቀር ሁሉ የጠቆረበት አንድ። ሲዋሃዱ የዚያ ቦታ ብርሃን በሙሉ በቁጥር ይያዛል፤ ኤችዲአርአይ እንለዋለን። ሞዴሉን እዚያ ውስጥ ሳቆመው በዚያ ቦታ ብርሃን ይበራል። በነጻ የሚታደሉ ብዙ አሉ፤ እንደ ፖሊ ሄቨን ያሉት ባለውለታዎቼ ናቸው። ነገር ግን የአውሮፓ ጫካና የአውሮፓ ደመና ቮልሴ ላይ ሲያንጸባርቅ ምስሉ ምንም ያህል ቢያምር እዚህ አገር አይደለም።

ጋሼ፦ ፀሐይ ፀሐይ ናት እንጂ!

ልጅት፦ አይደለችም ጋሼ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ ማብቂያ ግድም ፀሐይ ቀትር ላይ አናታችን ላይ ቀጥ ትላለች። ጣሪያውና ኮፈኑ ይነዳሉ፤ በሩ ይጨልማል፤ ከመኪናው ሥር ያለው ጥላ ጠባብና ጥቁር ይሆናል። ከተማዋ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ሰማዩ ጠለቅ ያለ ሰማያዊ፣ ፀሐይዋም የሰላች። በሩን ከታች የሚያበራው ከመሬት የሚነጥረው ብርሃን ነው፤ መሬቱ ቀይ አፈር ከሆነ የበሩ ግርጌ ይቀላል። ክረምት ላይ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው፤ ደመናው ለቦዲ የሚስማማ ለስላሳ ብርሃን ይሰጣል። ስለዚህ የራሴን ኤችዲአርአይ ሠፈራችን ውስጥ አነሳለሁ። የቆርቆሮ አጥር፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶ፣ የሱቅ በር፣ ሁሉም ፓራፋንጎዋ ላይ ተጣመው ይታያሉ። ያኔ ነው ሰው «ይህን ቦታ አውቀዋለሁ» የሚለው።

ጋሼ፦ አቧራውስ? አዲስ አበባ ውስጥ ንጹሕ መኪና ካሳየሽኝ አላምንሽም።

ልጅት፦ ወደ ሰማይ የሚያየው ገጽ ሁሉ ትንሽ አቧራ እንዲይዝ አዛለሁ፤ የቁም በሩ ያነሰ።

ጋሼ፦ ይህ የቤት ውስጥ አቧራ ነው፤ የመንገድ አቧራ እንዲህ አይቀመጥም። የፊት ጎማ ወርውሮ መርገጫው ላይና የበሩ ግርጌ ላይ ይለጥፈዋል። ቮልስ ኋላዋ ተዳፋት ስለሆነ ነፋሱ እያዞረ የሞተሩ ክዳን ላይ ያወርደዋል። የበሩ እጀታ ዙሪያ ደግሞ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው፤ እጅ ያብሰዋላ። የፊት መስታወቱ ላይ ዝናብ መጥረጊያው የደረሰበትና ያልደረሰበት በግልጽ ይለያል። አንድ ሌላ ነገር፦ ፓራፋንጎዋ በብሎን የሚታሰር ነው፤ ከቦዲው ጋር በሚገናኝበት ላይ ቀጭን ክር የመሰለች ማሸጊያ አለች። እሷ ትደርቃለች፣ ትሰነጠቃለች፣ አቧራ ትይዛለች። እሷን ከዘለልሽ ቮልስ የሠራሽ አይምሰልሽ።

ልጅት፦ እጽፈዋለሁ። ክፍተቶቹ ትልቅ ጉዳይ ናቸው። በሩና ቦዲው መሃል ያለው የጥቂት ሚሊሜትር ጨለማ፣ የላሜራው ጠርዝ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ የምትታየው ቀጭን ብርሃን፤ እውነተኛ ላሜራ እንደ ምላጭ አይቆረጥም፣ ሁሌም ትንሽ ይዞራል። የካሜራው ሌንስም እንዲሁ። የጀርባውን ብዥታ ከልክ በላይ ካደረጉት ዓይን መኪናዋን የልጆች መጫወቻ አድርጎ ይቆጥራታል፤ ትንሽ ዕቃ በቅርብ ሲነሳ ነው እንዲያ የሚሆነው።

ጋሼ፦ ይህ ሁሉ ተደርጎ ምስሉ ለመውጣት ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ልጅት፦ እንደ ትዕግሥቴ። ጨረሩ በዕድል ስለሚላክ መጀመሪያ ምስሉ ላይ ነቁጥ ይበዛል። ነቁጡን በግማሽ ለመቀነስ አራት እጥፍ ጨረር ያስፈልጋል፤ እንደገና በግማሽ ለመቀነስ እንደገና አራት እጥፍ። ነቁጡን ገምቶ የሚያጠፋ መሣሪያ አለ፤ ብዙዎች በእሱ ይቸኩላሉ። እኔ አቧራና ጭረት ያለበት ቦታ ላይ አልወደውም፤ ከነቁጡ ጋር ጭረቱንም ያብሰዋል። መብራት ደግሞ ሊሄድ ስለሚችል ምስሉን በቁራጭ በቁራጭ አስቀምጣለሁ።

ጋሼ፦ የጎረቤት ልጅ ግን «ኮምፒውተሩን በቃል አዝዤ በደቂቃ አወጣዋለሁ» ይላል።

ልጅት፦ ያወጣል፤ ያምራልም። የሚያዘው ሶፍትዌር ግን ካያቸው እጅግ ብዙ ፎቶዎች ቮልስ የሚመስል ነገር ይሰጠዋል እንጂ መኪናዋን ለክቶ አያውቅም። የኋላ መስኮቷ እስከ እ.ኤ.አ. 1953 ለሁለት የተከፈለ ነበር፤ ከዚያ እስከ 1957 ሞላላ ሆነ፤ በኋላ ሰፋ። የፊት መብራቷ መስታወት እስከ እ.ኤ.አ. 1967 ግድም ወደ ኋላ ያጋደለ ነበር፤ ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆመ። እነዚህ ዘመናት አንዲት መኪና ላይ ቢደበላለቁ ልጁ በምን ያውቃል? ለጌጥ ከሆነ ግድ የለም። እኔ የምፈልገው ግን የዛሬ ሠላሳ ዓመት አንዲትም ቮልስ መንገድ ላይ ሳትኖር የሚያይ ሰው «እንዲህ ነበረች» ብሎ እንዲያምን ነው፤ እንዲያምን ደግሞ ልክ መሆን አለባት። ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል 2 ሜትር ከ40 ከተባለ 2 ሜትር ከ40 ነው።

ጋሼ፦ እንዲያ ከሆነ አንድ ነገር ልንገርሽ። የሜዳ አህያ ያልሽው መስመር በሥራሽ ላይ ጥርት ብሎ ይፈስሳል አይደል? ከፋብሪካ ለወጣች መኪና መልካም ነው። እዚህ ከተማ ሃምሳ ዓመት የኖረች ቮልስ ግን እንዲያ አይፈስስባትም። ስንት ጊዜ ተመታች፣ ስንት ጊዜ ተቃናች። ስቱኮ ያረፈበት ቦታ ላይ ነጸብራቁ በጣም ትንሽ ይሞገዳል። የማን እጅ እንዳቃናው ሳይቀር እኔ አየዋለሁ፤ አንዱ በመዶሻ ይጨርሰዋል፣ አንዱ በስቱኮ ይደብቀዋል። ልክ መሆን አለባት ካልሽ ይኼም ልክ ነው።

ልጅት፦ ይኼን በየትኛውም ትምህርት አላየሁትም። ዲዛይነሮች ሞገዱን ለማጥፋት ነው የሚደክሙት።

ጋሼ፦ የነሱ ሥራ እሱ ነው። አንቺ ግን የሰው እጅ ያለፈባትን መኪና ነው የምትሠሪው።

ልጅት፦ ሞገዱን በዘፈቀደ ብበትነው ደግሞ ሐሰት ይሆናል። የት የት እንዳለ ማወቅ አለብኝ።

ጋሼ፦ በማግኔት ይታወቃል። ስቱኮው ሲወፍር ማግኔቱ አይዝም። ፓራፋንጎዎቹን ግን በኋላ እናያቸዋለን፤ በብሎን ስለሚፈቱ ሲበላሹ ከሶማሌ ተራ ሌላ ተገዝቶ ይታሰራል፤ የአንዷ ቮልስ አራት ፓራፋንጎ ከአራት መኪና የመጣ ሊሆን ይችላል። በሩን ነው ከሁሉ አስቀድመሽ የምትለኪው። በር ይቃናል እንጂ ቶሎ አይቀየርም፤ ስለዚህ የደረሰባት ነገር ሁሉ እዚያ ላይ አለ።

ልጅት፦ እንግዲያው ደጅ በቆመችው ቮልስ ላይ እርስዎ ማግኔቱን እያሳለፉ ስቱኮውን በጠመኔ ይክበቡልኝ፤ እኔ እየለካሁ እመዘግባለሁ።

ጋሼ፦ የሹፌሩን በር አስቀድሚ። ሜትሩንም ከላይኛው ማጠፊያ ነው የምትጀምሪው፤ አንዴ ከላይኛው አንዴ ከታችኛው ከጀመርሽ ልኩ ይሳሳትብሻል።